በጸደይ ፖቶማክ ላይ ስሞልማውዝ ባስ በካኑ ማጥመድ

በዋሽንግተን ዙሪያ የምንኖር ሐበሾች ፖቶማክን ባብዛኛው የምናየው ድልድዩን በመኪና ስንሻገር ነው። ያ የምናየው ክፍል ባሕሩ ከፍ ዝቅ ሲል አብሮት ከፍ ዝቅ የሚል፣ ሰፊና ዝግተኛ ውሃ ነው። ግሬት ፎልስ ከሚባለው ፏፏቴ ወደ ላይ ያለው ግን ድንጋያማና ደሴት የበዛበት፣ አንዴ የሚፈጥን አንዴ የሚያርፍ ወንዝ ነው። ስሞልማውዝ ባስ የሚባለው ዓሣ የሚኖረው እዚያ ነው። መልኩ ወደ ቡናማ ያደላል፤ በጎኑ ከላይ ወደ ታች የወረዱ ጠቆር ያሉ መስመሮች አሉት። መካከለኛ የሚባለው እንኳ መንጠቆ ሲነካው ከውሃ በላይ እየዘለለ ይታገላል።

ዓሣው የወንዙ ተወላጅ አይደለም። በ1854 ከዊሊንግ አካባቢ፣ ማለትም ከኦሃዮ ወንዝ ተፋሰስ የተያዙ ጥቂት ዓሦች በባልቲሞርና ኦሃዮ ባቡር የውሃ ታንክ ውስጥ ተጭነው መጥተው ሜሪላንድ ውስጥ ባለችው በከምበርላንድ ከተማ ተለቀቁ። በላይኛው ፖቶማክ ዛሬ የምናጠምደው የነሱን ዘር ነው።

ይህ መመሪያ ከማርች እስከ ሜይ ያለውን ጊዜ የሚመለከት ነው። በዚህ ወቅት ወንዙ ሞልቶ ይፈስሳል፣ ውሃውም ገና ብርድ ነው። ዓሣው ጉልበቱን ላለማባከን ከፍሰቱ የተከለለ ቦታ ይፈልጋል፤ ካኑ፣ ማለትም በመቅዘፊያ የሚነዳ ቀጭን ጀልባ ላይ ያለ ሰውም ተረጋግቶ ክር ለመወርወር ያንኑ ዓይነት ቦታ ይፈልጋል። ስለዚህ በጸደይ ካኑን መምራትና ዓሣን ማግኘት አንድ ችሎታ ናቸው ባይ ነኝ። ውድ ዘንግ ይዞ ካኑውን ማቆም የማይችል ሰው ቀኑን ሙሉ ከጥሩ ቦታዎች አጠገብ እየተንሳፈፈ ያልፋል።

ከቤት ሳትወጡ ውሃውን እዩ

የአሜሪካ ጂኦሎጂካል ሰርቬይ በወንዙ ላይ የተከላቸው መለኪያዎች የውሃውን ከፍታና መጠን በኢንተርኔት ያሳያሉ። ለምንነጋገርበት ክፍል የሚጠቅመው ፖይንት ኦፍ ሮክስ ላይ ያለው ነው። እኔ ለራሴ ያወጣሁት ደንብ አለ፦ መለኪያው ከ3 ጫማ በላይ ካሳየ ካኑ አላወርድም፤ አዲስ ሰው ይዤ ከሆነ ደግሞ ከዚያም ዝቅ እስኪል እጠብቃለሁ። ይህ ሕግ ሳይሆን የኔ ልክ ነው። ጀማሪ የሆነ ሰው ከዚህ ይበልጥ ቢጠነቀቅ እንጂ ባይደፍር ይሻላል።

ከቁጥሩ በላይ ግን አዝማሚያውን ተመልከቱ። ግራፉ ወደ ላይ እየወጣ ከሆነ ውሃው እየደፈረሰ፣ ግንድና ቆሻሻ እየጎተተ ነው ማለት ነው፤ ዓሣውም ቦታ እየቀያየረ ስለሚሆን ለማግኘት ያስቸግራል። ከዝናብ በኋላ ግራፉ ሁለት ሦስት ቀን በዝግታ ከወረደና ውሃው መጥራት ከጀመረ ያ ቀን አይለፋችሁ። ከተማችሁ ላይ ዝናብ አለመዝነቡ ምንም አይነግራችሁም፤ ወንዙ የሚሞላው በምዕራብ ካሉት ተራሮችና ከሼናንዶዋ ሸለቆ በሚመጣ ውሃ ነው።

ሼናንዶዋ ሃርፐርስ ፌሪ ላይ ከፖቶማክ ከተገናኘ በኋላም የሁለቱ ውሃ ወዲያው አይቀላቀልም። ከላይ መጥቶ ከነበረው ጋር ጎን ለጎን ይወርዳል፤ የሼናንዶዋ ድፍርስ በቨርጂኒያ በኩል፣ የፖቶማኩ በሜሪላንድ በኩል። አንዱ ዳር ቡና መስሎ ሌላው ዳር ሊጠራ ስለሚችል አንዱን ብቻ አይታችሁ ተስፋ ቆርጣችሁ አትመለሱ። ማባበያችሁን ውሃ ውስጥ ስታወርዱ ሁለት ጫማ ያህል ድረስ የሚታይ ከሆነ ለማጥመድ በቂ ነው።

ሦስተኛው ነገር ሙቀት ነው። ትንሽ ቴርሞሜትር በገመድ አስራችሁ ያዙ። ውሃው 45 ዲግሪ ፋራናይት (7 ሴልሺየስ) አካባቢ ሲደርስ ዓሣው ከክረምት ጉድጓዱ መንቀሳቀስ ይጀምራል። ከ50 እስከ 60 ባለው ጊዜ ለመራባት እየተዘጋጀ አጥብቆ ይመገባል፤ የጸደይ ጨዋታ ያለው እዚህ ላይ ነው። ከ60 ሲያልፍ ጎጆ መሥራት ይጀምራል፤ ስለሱ ወደ መጨረሻው እመለሳለሁ።

በበጋ የለመደ ሰው ጎህ ሳይቀድ ይወጣል። በማርችና በኤፕሪል መጀመሪያ ግን መቸኮል አያስፈልግም። ከሌሊቱ ብርድ በኋላ ፀሐይ ጥልቀት የሌለውን ውሃ ሁለት ሦስት ዲግሪ እስክታሞቀው ድረስ ዓሣው ደንዝዞ ይቆያል፤ ከሰዓት በኋላ የተሻለ ነው። ፀሐይ ፊት ለፊት የሚያገኛት ድንጋያማ ዳርቻ ቀድሞ ይሞቃል፤ መጀመሪያ እዚያ ሞክሩ።

መግቢያና መውጫ

ለመጀመሪያ ጊዜ የምመክረው ከፖይንት ኦፍ ሮክስ እስከ ኖላንድስ ፌሪ ያለውን ክፍል ነው፤ ርቀቱ ወደ 3.6 ማይል ይጠጋል። ሁለቱም በሜሪላንድ በኩል የጀልባ መግቢያ አላቸው፤ ወደ ታች ስትቀዝፉ ሜሪላንድ በግራችሁ ነው። ርቀቱ አጭር መሆኑ አያሳስባችሁ፤ እየቆሙ የሚያጠምዱ ሰዎች ቀኑን ሙሉ ይበቃቸዋል። ረዘም ያለ የሚፈልግ ከብራንስዊክ ተነስቶ ፖይንት ኦፍ ሮክስ ሊወጣ ይችላል፤ ያ 7 ማይል ገደማ ነው።

ሁለት መኪና ከሌላችሁ ብስክሌት ይበቃል። የድሮው የቼሳፒክና ኦሃዮ ቦይ የበቅሎ መንገድ ከወንዙ ጎን ለጎን 184.5 ማይል ይዘልቃል፤ ሜዳ ነው። መጀመሪያ ኖላንድስ ፌሪ ሄዳችሁ ብስክሌቱን በሰንሰለት ቆልፉ፣ ከዚያ በመኪና ወደ ፖይንት ኦፍ ሮክስ ተመልሳችሁ ካኑውን አውርዱ። ማታ ስትወጡ አንዱ ዕቃ ይጠብቃል፣ ሌላው በብስክሌት ሄዶ መኪናውን ያመጣል። የቁልፉ ነገር አደራ፤ የመኪናው ቁልፍ ብስክሌቱን ከሚነዳው ሰው ጋር ይሁን፣ ውሃ በማያስገባ ከረጢት ታስሮ።

በካርታ ላይ ያላወቃችሁትን ክፍል አትሞክሩ። ፖቶማክ ላይ ከቦይው ዘመን የቀሩ ግድቦች አሉ፤ ዳም 4 እና ዳም 5 ላይ ውሃው ከላይ ሲታይ ጸጥ ያለ ይመስላል፣ ከሥራቸው ግን የወደቀን ነገር እያገላበጠ የሚይዝ ውሃ አለ። ከሴኔካ በታች ደግሞ ግሬት ፎልስ ነው፤ እዚያ በካኑ መዝናናት የሚባል ነገር የለም።

ልብስና ሕይወት

በጸደይ አየሩ ሞቆ ውሃው በረዶ ሊሆን ይችላል፣ የሚያታልለውም ይህ ነው። ልብስ የሚመረጠው ለአየሩ ሳይሆን ለውሃው ነው። ከ60 ዲግሪ በታች ያለ ውሃ ውስጥ በድንገት የገባ ሰው መጀመሪያ የሚያጣው ትንፋሹን መቆጣጠር ነው፤ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ደግሞ ጣቶቹ አልታዘዝ ይሉታል። ዋና የሚችል መሆኑ እምብዛም አያድነውም። ስለዚህ ላይፍ ጃኬት ከመቀመጫ ሥር የሚቀመጥ ዕቃ አይደለም፤ ከመግቢያው እስከ መውጫው ድረስ ተለብሶ፣ ዚፑ ተዘግቶ ይዋላል። የሜሪላንድ ሕግ ከ13 ዓመት በታች ያለ ልጅ በትንሽ ጀልባ ላይ እንዲለብስ ያስገድዳል፤ ትልቁ ሰው ግን ሕግ እስኪያስገድደው መጠበቅ የለበትም።

ጥጥ አትልበሱ። ሱፍ ወይም ፖሊስተር ከሥር፣ ንፋስ የማያስገባ ከላይ፤ ዌትሱት የሚባለው የጎማ የውሃ ልብስ ያለው ይልበሰው። ሙሉ ቅያሪ ልብስ ውሃ በማያስገባ ከረጢት አሽጋችሁ ካኑው ላይ እሰሩ። በቴርሞስ ትኩስ ሻይ መያዝ ቅንጦት አይደለም።

ብትገለበጡ በጀርባችሁ ተንሳፈፉ፣ እግራችሁን ወደ ታችኛው ፍሰት አቅጣጫ ዘርጉ፣ ከካኑው ውሃው በሚመጣበት በኩል ሁኑ፤ በውሃ የተሞላ ካኑ ከድንጋይ ጋር ቢያጣብቃችሁ አትነቀሉም። በሚፈስ ውሃ ውስጥ ለመቆም አትሞክሩ፤ እግር ድንጋይ መሐል ገብቶ ሊያዝ ይችላል። ከዳር የወደቀ ዛፍ ባያችሁበት ሁሉ ራቁ፤ ውሃው በቅርንጫፎቹ መሐል ያልፋል፣ ሰው ግን አያልፍም።

ዕቃ

ካኑው ከ16 እስከ 17 ጫማ የሚረዝም፣ ሆዱ ሰፋ ያለ፣ ከፕላስቲክ የተሠራ ቢሆን ጥሩ ነው፤ ድንጋይ መምታቱ አይቀርም፣ አሉሚኒየም ደግሞ ድንጋይ ሲነካ ይንቀጫቀጫል። መቅዘፊያ ሦስት ያዙ፤ ሁለቱ በእጅ፣ አንዱ መጠባበቂያ። ከካኑው ፊትና ኋላ ገመድ ይኑር።

መልህቅ በጸደይ ፍሰት ውስጥ አልመክርም። በተለይ ከካኑው ጎን የታሰረ መልህቅ ድንጋይ ከያዘ ካኑውን በአንድ ትንፋሽ ሊገለብጠው ይችላል። ሞልቶ በማይፈጥን ውሃ ላይ ፍጥነት ለመቀነስ የወንዝ አጥማጆች የሚጠቀሙት ሰንሰለት ነው፦ ወፍራም ሰንሰለት ወስዳችሁ ድምፅ እንዳያሰማ በአሮጌ የብስክሌት ካላማዳሪ አልብሱት፣ በካኑው የኋላ ጫፍ አስራችሁ መሬት ለመሬት ይጎተት። ከያዘ ወዲያው የሚለቀቅ አስተሳሰር ይኑረው፤ ቢላም ከላይፍ ጃኬታችሁ አይለይ።

ዘንግ አንድ ለአንድ ሰው ይበቃል፣ ሁለት ቢሆን ማባበያ ለመቀየር ጊዜ ይቆጥባል። ከ6 ጫማ ተኩል እስከ 7 ጫማ የሚሆን መካከለኛ ጥንካሬ ያለው ስፒኒንግ ዘንግ፣ ከ6 እስከ 8 ፓውንድ የሚችል ፍሎሮካርበን ክር። የመንጠቆውን ሾህ በፒንሳ ጨፍልቁት፤ ዓሣ በፍጥነት ይለቀቃል፣ ጓደኛችሁ ጆሮ ላይ ቢሰካም በቀላሉ ይነቀላል።

ወንዙ ላይ

አንድ ሰው ይቀዝፋል፣ አንድ ሰው ያጠምዳል። ሁለቱም ባንዴ ሲወረውሩ ካኑው የማንም አይሆንም። የኋላው ሰው ካኑውን ይይዛል፤ ከፊት ያለው ያጠምዳል፤ በየሰዓቱ ወይም በየዓሣው ተለዋወጡ። በባልና ሚስት መሐል ይህ ደንብ በተለይ ቀድሞ ቢነገር ሰላም ያወርዳል።

ከፖይንት ኦፍ ሮክስ ብዙም ሳትርቁ ሂተርስ አይላንድ የሚባል ትልቅ ደሴት አለ፤ የፒስካታዌ ሕዝቦች ከ1699 ጀምሮ ለጥቂት ዓመታት የኖሩበት ነው። ደሴቶች ለእኛ ዋጋቸው በግርጌያቸው ነው። በሁለት ጎን የወረደው ውሃ ደሴቱ ሲያልቅ ሲገናኝ፣ መሐሉ ላይ ጸጥ ያለ ምላስ ይቀራል። በፈጣኑና በጸጥተኛው ውሃ መሐል የሚታየው መስመር ላይ ዓሣው አፉን ውሃው ወደሚመጣበት አዙሮ የሚወርድለትን ይጠብቃል። ተመሳሳይ መስመር ከትልልቅ ድንጋዮች ጀርባ፣ ከድልድይ እግር ጀርባ፣ ጅረት ከሚገባበት አፍ በታች፣ ከወንዙ አግድም ከተዘረጉት የድንጋይ እርከኖች ሥር ታገኛላችሁ። ውሃው ከፍ ባለ ቀን መሐል ወንዙን ተዉት፤ ዓሣው ወደ ዳር ይመጣል፣ አንዳንዴም መቅዘፊያ የሚደርስበት ያህል ቅርብ።

አንድ ጥሩ ቦታ ስታዩ እንዲህ አድርጉ።

መጀመሪያ ከሩቅ፣ ቢያንስ ከ30 ሜትር፣ ፍጥነት ቀንሱ። የኋላው ሰው ወደ ኋላ እየቀዘፈ ካኑው ከውሃው ባነሰ ፍጥነት እንዲወርድ ያድርግ። ይህ ወደ ኋላ መቅዘፍ የጸደይ ዋና ቴክኒክ ነው፤ ሌላውን ሁሉ ሳትማሩ እሱን ተማሩ።

ቀጥሎ ሁለት ከለላ ምረጡ፤ አንዱ ዓሣው ያለበት፣ አንዱ ካኑው የሚያርፍበት። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል፦ ጥሩውን ጸጥ ያለ ውሃ አይቶ ካኑውን ቀጥታ እሱ ላይ ይነዳዋል፣ ዓሣው ይበተናል። ካኑው ከጎን ወይም ከታች ባለ ሌላ ከለላ ይቁም፤ ወይም ዳር ላይ አፍንጫውን አሳርፉት።

ወደ ከለላው ለመግባት የካኑውን አፍንጫ ከድንጋዩ ሥር ጠጋ አድርጋችሁ መስመሩን በፍጥነትና በሰያፍ አቋርጡ። አፍንጫው ጸጥ ያለው ውሃ ሲይዘው ጭራውን ፍሰቱ ይወስደዋል፣ ካኑው ራሱ ዞሮ ወደ ላይ ያያል። በዚያ ቅጽበት ሰውነታችሁን ወደምትዞሩበት ጎን አዘንብሉ። ቀጥ ብሎ መቀመጥ ወይም ወደ ውጭ መሸሽ ነው የሚገለብጠው። ፈጣን ውሃ ላይ ከመቀመጫ ወርዳችሁ ተንበርከኩ። ካኑው አግድም ድንጋይ ላይ ከተለጠፈ ደግሞ ደመ ነፍሳችሁ ከድንጋዩ ሽሹ ይላችኋል፤ አትስሙት። ወደ ድንጋዩ ተጠጉ፣ እጃችሁን አሳርፉበት፤ የላይኛው ጎን ከተነሳ ውሃው አይሞላውም።

ካኑው ከቆመ በኋላ ከመስመሩ በላይ ወርውሩና ማባበያው ከፍሰቱ ጋር ወርዶ ጸጥታው ውስጥ እንዲገባ ተዉት። ከሚጎትቱት ይልቅ የሚወርድለትን ነው ዓሣው የለመደው። ክሩን ከመጠን በላይ አትወጥሩ፣ ግን ልቅ አይሁን፤ ጎን ላይ የሚያደርገው ትንሽ ንቅናቄ ንክሻው ሊሆን ይችላል። በቀዝቃዛ ውሃ ንክሻ ክብደት መስሎ እንጂ መታ ብሎ አይመጣም።

ምን ልወርውር?

ውሃው ከ50 በታች ከሆነ፦ ከ3 እስከ 3 ተኩል ኢንች የሆነ ቱብ የሚባለው ለስላሳ ፕላስቲክ፣ ቀለሙ ድፍን አረንጓዴ፣ ክብደቱ ከአንድ ስምንተኛ እስከ አንድ አራተኛ አውንስ። ወለል ላይ በዝግታ ጎትቱት። ክሬይፊሽ የምትባለውን፣ ሎብስተር የምትመስል የወንዝ ፍጥረት ይመስላል፤ ስሞልማውዝ ከሚወዳቸው ምግቦች አንዷ ናት። ጂግ የሚባለው፣ ጭንቅላቱ ከባድ የሆነ ጸጉራም መንጠቆም በዚህ ሙቀት ጥሩ ይሠራል።

ከ50 እስከ 60፦ ጀርክቤት፣ ማለትም ትንሽ ዓሣ የሚመስል፣ ሲያቆሙት ውሃ መሐል ተንጠልጥሎ የሚቀር ጠንካራ ማባበያ። ሁለቴ ነቅንቁት፣ አቁሙት። የሚከብደው ማቆሙ ነው፤ አምስት፣ ስድስት፣ ውሃው ይበልጥ ከቀዘቀዘ እስከ አሥር ድረስ ቁጠሩ። ዓሣው የሚይዘው ቆሞ ሳለ ነው፤ ትዕግሥት የሌለው ሰው ማባበያውን ከዓሣው አፍ ይነጥቃል።

ውሃው ድፍርስ ከሆነ፦ ነጭ ወይም ቢጫ አረንጓዴ ስፒነርቤት፣ ማለትም የሚሽከረከር ሰፊ ክብ ቅጠል መሰል ብረት ያለው ማባበያ፣ ዳሩን ተጠግቶ በዝግታ። ዓሣው ባያየውም ንዝረቱን ይሰማዋል። ሕይወት ያለው ክሬይፊሽ እንደ ማጥመጃ መጠቀም ግን አይፈቀድም፤ ባዕድ ዝርያ ወንዙን ስለወረረ ሜሪላንድ ከልክላለች።

ሲያዝ፣ ሲለቀቅ

ፈቃድ ከ16 ዓመት ጀምሮ ያስፈልጋል። ወንዙ የሜሪላንድ ቢሆንም በዋናው ፖቶማክ ላይ የቨርጂኒያ ፈቃድም ያገለግላል፤ የዲሲ ፈቃድ ግን እዚህ አይሠራም። ከማርች 1 እስከ ጁን 15 ባስ ይዞ መሄድ ክልክል ነው፤ የተያዘው ሁሉ ወዲያው ይለቀቃል። ደንቡ ሊሻሻል ስለሚችል የዓመቱን መመሪያ ከሜሪላንድ የተፈጥሮ ሀብት መምሪያ ገጽ ላይ አንብቡ። ወቅቱ ዓቢይ ጾም ላይ ስለሚውል «ዓሣ ይበላል አይበላም» የሚለው የዘወትር ክርክር ካኑ ላይ መነሳቱ አይቀርም፤ በዚህ ወንዝ ላይ ግን ክርክሩን ሕጉ ዘግቶታል።

ዓሣውን በመረብ ወይም የታችኛውን ከንፈር በአውራ ጣት ይዛችሁ አውጡ። ከመንካታችሁ በፊት እጃችሁን አርጥቡ፤ ደረቅ እጅ የሚከላከልለትን ልጋግ ይገፈዋል። ወደ ካኑው ወለል አትጣሉት። ፎቶ ከፈለጋችሁ ስልኩ ተዘጋጅቶ ዓሣው ውሃ ውስጥ ይቆይ፣ አንዴ አንሱት፣ መልሱት። ለማንሳት ሁለታችሁም ወደ አንድ ጎን አትደገፉ፤ ብዙ ካኑ የሚገለበጠው ፈጣን ውሃ ላይ ሳይሆን በደስታ ነው።

በኤፕሪል መጨረሻና በሜይ፣ ውሃው ከ60 ዲግሪ ሲያልፍ፣ ከድንጋይ ጀርባ ጥልቀት በሌለው ጠጠራማ ቦታ ላይ የጠራ ክብ ታያላችሁ። ወንዱ በጭራው ጠርጎ የሠራው ጎጆ ነው። እንቁላሉ ከተጣለ በኋላ እሱ ይቆማል፣ የቀረበውን ሁሉ ይነክሳል፤ ስለዚህ ለመያዝ በጣም ቀላል ነው። እሱ በክር ላይ እያለ ግን ሌሎች ትናንሽ ዓሦች በደቂቃዎች ውስጥ እንቁላሉን ይለቅሙታል። በዚህ ወቅት ጎርፍ ከመጣ ደግሞ ጎጆውን ጠርጎ ይወስደዋል፤ የአንድ ዓመት ትውልድ የሚሳሳው አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ሕጉ ይዞ መልቀቅን ይፈቅዳል፣ እኔ ግን ጎጆ ላይ ያለን ዓሣ አልወረውርበትም። ከጎጆዎቹ ርቃችሁ ጠለቅ ያለ ውሃ ፈልጉ፤ ሁሉም ባንድ ጊዜ አይራባም፣ ገና ያልደረሱና የጨረሱ ዓሦች እዚያ አሉ።

ከኖላንድስ ፌሪ በላይ በሰዓቱ ወደ ሜሪላንድ ዳር ጠጉ፤ መግቢያውን አልፎ በጸደይ ፍሰት ላይ መልሶ መቅዘፍ ትከሻ ይገድላል። ጠዋት ብስክሌቱን ስትቆልፉ ከውሃው በኩል ምን እንደሚመስል አይታችሁ አንድ ምልክት ያዙ፤ ዛፍ፣ ድንጋይ፣ ማንኛውም ነገር። ካኑውን ካወጣችሁ በኋላ ውሃውን ሙሉ በሙሉ ድፉ፣ የተጣበቀ ሣርና ጭቃ አራግፉ፣ ወደ ሌላ ወንዝ ከመውሰዳችሁ በፊት ይድረቅ። ሶላቸው ከፌልት የተሠራ የወንዝ ጫማዎችን ሜሪላንድ ከ2011 ጀምሮ ከልክላለች፤ ከአንድ ወንዝ ወደ ሌላ ባዕድ አልጌ ያጓጉዛሉ። የጎማ ሶል ግዙ።